ስለ ሸክላ ማጫወቻ ክንድና ካርትሪጅ መስማማት

በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 የተሸጠው ሸክላ በቍጥር ከሲዲ በለጠ፤ ይህም ከ1987 ወዲህ ያልታየ ነገር ነበር። ሸክላ ገበያ ሲያገኝ ማጫወቻውና መርፌውም አብረው ገበያ ያገኛሉ። ነጋዴውም አንዱን ዕቃ ከአንድ አገር፥ ሌላውን ከሌላ አገር አስመጥቶ በመደብሩ ጐን ለጐን ያስቀምጣል። ይሁን እንጂ ደንበኛው ውድ ካርትሪጅ ገዝቶ ከሄደ በኋላ «መርፌው ይዘላል» ብሎ ሲመልሰው፥ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የካርትሪጁም የክንዱም አይደለም፤ ሁለቱ አለመስማማታቸው ነው።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። መርፌውን የተሸከመችው ቀጭን ዘንግ በካርትሪጁ ውስጥ በጎማ ተይዛለች። ጎማው እንደ ሞላ ሲሆን፥ ክንዱና ካርትሪጁ በሞላው ላይ የተጫነ ሸክም ናቸው። ሸክም ያለበት ሞላ ሁሉ የራሱ የሆነ የመወዛወዝ ፍጥነት አለው። ይህ ፍጥነት በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ ቢያንስ የተጣመመ ሸክላ በዞረ ቍጥር ክንዱን ያናውጠዋል፤ ቢበዛ ደግሞ ከ20 ገደማ ወደሚጀምረው የሙዚቃ ድምፅ ተጠግቶ ወፍራሙን ድምፅ ያበላሻል።

ሒሳቡ ለነጋዴ የሚከብድ አይደለም። ፋብሪካው ኢፌክቲቭ ማስ ብሎ የሚጽፈውን የክንዱን ክብደት ከካርትሪጁና ከብሎኖቹ ክብደት ጋር በግራም መደመር፤ ድምሩን ኮምፕላያንስ በተባለው የጎማው ልስላሴ ቍጥር ማባዛት፤ ከዚያም 159ን ለብዜቱ ስኩዌር ሩት ማካፈል ነው። ለምሳሌ የቴክኒክስ ኤስ ኤል 1200 ክንድ 12 ግራም ነው። የኦርቶፎን 2ኤም ሬድ 7.2 ግራም ሲመዝን ኮምፕላያንሱ 20 ነው። ድምሩ ከነብሎኖቹ 20 ግራም ያህል ስለ ሆነ፥ 20 በ20 ተባዝቶ 400፥ ሩቱ 20፥ ውጤቱም 8 ይሆናል። ከልኩ ጠርዝ ላይ ቢሆንም ያልፋል።

የጃፓኑ ዴኖን ዲ ኤል 103 ግን አስመጪን ሊያሳስት ይችላል። በወረቀቱ ላይ ኮምፕላያንሱ 5 ተብሎ ቢጻፍም፥ የተለካው በ100 ሄርትዝ ነው። ለዚህ ሒሳብ የሚያስፈልገው ግን የ10 ሄርትዙ ልክ ስለ ሆነ፥ ቍጥሩን በግምት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ማሳደግ ይገባል። 10 ብለን ብንይዘው በዚያው ክንድ ላይ 11 ያህል ይወጣል፤ 6 ግራም በሆነ ቀላል ክንድ ላይ ግን 13 ያህል ይሆናል። ቀላል ክንድ ውድ ስለ ሆነ ብቻ ለሁሉ ይበጃል የሚለው የሻጮች ወሬ ከንቱ ነው። ከዚህም በላይ የዲ ኤል 103 ጕልበት 0.3 ሚሊቮልት ብቻ፥ የ2ኤም ሬድ ግን 5.5 ሚሊቮልት ስለ ሆነ፥ ለመጀመሪያው የተለየ ማጕያ እንደሚያስፈልግ ለገዢው አስቀድሞ መንገር ያሻል።

ጉዳቱ ዕቃ በመመለስ ብቻ አይቀርም። የሚዘል መርፌ የሸክላውን ቦይ ይፍቃል። አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ካሳተማቸው ሸክላዎች የመጀመሪያውን ኅትመት የያዘ ደንበኛ፥ ቢበላሽበት ምትኩን በቀላሉ አያገኝም።

ሒሳብ ለማይወድ ባለሱቅ ፒ ማውንት የተባለው ዐይነት አለ። ካርትሪጁ 6 ግራም፥ የመርፌው ጫና 1.25 ግራም እንዲሆን አስቀድሞ ስለ ተወሰነ፥ ለዚሁ በተሠራ ክንድ ላይ ተሰክቶ ወዲያው ይሠራል። መግጠሚያው በብሎን ከሚታሰረው ስለሚለይ፥ በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ ዐይነቱ ተለይቶ ይጻፍ።