የሕዝብ አገልግሎት በመንግሥት ይሁን ወይስ በግል ድርጅት? የስልክ ሥራ የሚሰጠን ትምህርት

መብራት፥ ውኃ፥ መጓጓዣና ስልክ ለሕዝብ ሁሉ የሚያስፈልጉ አገልግሎቶች ናቸው። እነዚህን መንግሥት ራሱ ያቅርባቸው ወይስ ለግል ድርጅት ይልቀቃቸው የሚለው ጥያቄ በነጋዴዎች ዘንድ ዘወትር ይነሣል። አንዱ ወገን የግል ባለገንዘብ ለትርፉ እንጂ ለድኻው አያስብም ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ መንግሥት ሻጭ በሆነበት ገበያ ደንበኛው ለማኝ ይሆናል ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም አነጋገሮች ከእውነት የራቁ ባይሆኑም፥ ጉዳዩን ከፍጻሜ አያደርሱትም። ስለዚህ የሁለቱም ጠባይ በሥራ የታየበትን የአገራችንን ታሪክ መመልከት ይበጃል።

የግል ገንዘብ በሕዝብ አገልግሎት መግባቱ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ፈቃድ የተጀመረው በኩባንያ ገንዘብ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ግን ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሥራውን ለመፈጸም አልቻለም። በእርሱ ምትክ የፈረንሳይ መንግሥት ድጋፍ ያለው ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱን አዲስ አበባ አደረሰው። ከዚህም የምንረዳው፥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅና ትርፉ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገኝ ሥራ ለግል ገንዘብ ብቻውን እጅግ ከባድ መሆኑን ነው።

የስልክ ሥራ ግን ከመጀመሪያው የመንግሥት ነበር። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለዚሁ ሥራ 1.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አበደረ፤ በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ራሱን ችሎ የሚተዳደር ድርጅት ሆኖ ቆመ። ይህ አሠራር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የመንግሥት ንብረት መሆን ማለት የግድ እንደ መሥሪያ ቤት መተዳደር ማለት አይደለም። ሒሳቡን ለይቶ የሚይዝና ወጪውን በገቢው የሚሸፍን የመንግሥት ድርጅት ከደኅና የንግድ ቤት የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ድርጅቱ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን፥ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በገበያው ብቻውን ቆየ። የብቸኝነቱ ጥቅም በዋና ከተማ የሚገኘው ትርፍ ትርፍ ወደማይገኝበት ገጠር መስመር ለመዘርጋት ማስቻሉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ደንበኛው ቢከፋው የሚሄድበት ስፍራ ማጣቱ ነው። መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ ባንኩም፥ አስመጪውም፥ የጭነት መኪና ባለቤቱም አብረው ይቆማሉ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ድርጅቱ የተንቀሳቃሽ ስልክ ጥሪን ዋጋ በ40 በመቶ፥ የተንቀሳቃሽ ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 በመቶ ቀነሰ። ቅናሹ የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም በዚያ ጊዜ ሌላ ሻጭ ስላልነበረ፥ ዋጋው እስከዚያች ቀን ድረስ የተገባ መሆን አለመሆኑን ደንበኛው የሚያነጻጽርበት ሚዛን አልነበረውም።

ይህ ሁኔታ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተለወጠ። አዋጁ ገበያውን ከፈተ፤ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ተቋቋመ። ሁለት ፈቃዶች ለጨረታ ቀርበው በግንቦት 2013 ዓ.ም. አንዱ ብቻ በ850 ሚሊዮን ዶላር በሳፋሪኮም ለሚመራው የኩባንያዎች ኅብረት ተሰጠ፤ አዲሱ ኩባንያም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። በጨረታው ጊዜ በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ ሥራ ለውጭ ኩባንያ አልተፈቀደም ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲያስጀምር፥ ተወዳዳሪው ግን ይህን ፈቃድ በ150 ሚሊዮን ዶላር ያገኘው በ2015 ዓ.ም. ነው። የሚሸጠው መብት ወሰኑ አስቀድሞ ካልታወቀ ገዢ ሁሉ ዋጋውን በጥርጣሬ እንደሚሰጥ ማንም ነጋዴ ያውቀዋል።

ውድድር መምጣቱ መልካም ነው። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ሲነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ውድድር ብቻውን ሁሉን አያቃናም። የአንዱ ደንበኛ ለሌላው ደንበኛ መደወል ካልቻለ፥ የአንዱም የአንቴና ምሰሶ በተገቢ ኪራይ ለሌላው ካልተከፈተ፥ ትልቁ ታናሹን ለማፈን ይቻለዋል። ደግሞም አዲሱ ኩባንያ ትርፍ የሚገኝባቸውን ከተሞች ብቻ መርጦ ከያዘ፥ የገጠሩን መስመር የሚሸከመው ገቢ ይመናመናል። የግሉም ድርጅት ከችግር ነፃ አይደለም። ገቢው በብር፥ የመሣሪያው ዋጋ በውጭ ምንዛሪ የሆነ ኩባንያ፥ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ኪሳራ ደርሶበታል።

መንግሥት በበኩሉ ከኢትዮ ቴሌኮም ዐሥር በመቶውን ለሕዝብ ለመሸጥ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዱን በ300 ብር አቀረበ። ሽያጩ ሲዘጋ የተገዙት 10.7 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ይህን የሕዝቡ ንቀት አድርጎ መቁጠር አይገባም። ዘጠና በመቶውን የያዘ ባለቤት ባለበት ቤት ታናሹ ባለድርሻ በአስተዳደሩ ላይ የሚኖረው ድምፅ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የትርፍ አከፋፈሉንና የአመራሩን ነፃነት መርምሮ ቢያመነታ አስተዋይነት ነው።

እንግዲህ ነገሩን በባለቤትነት ብቻ መመዘን ወደ ስሕተት ይመራል። ከሁሉ የሚበልጠው ዳኛው ከተወዳዳሪዎቹ ተለይቶ መቆሙ ነው። መንግሥት የአንዱ ድርጅት ባለቤትና የሁሉም ተቆጣጣሪ ሆኖ ሳለ፥ ተቆጣጣሪው በራሱ ድርጅት ላይ ለመፍረድ የሚያስችል ነፃነት ካልተሰጠው፥ ሕጉ ምንም ያህል የተጣራ ቢሆን ባለገንዘብ አያምነውም።

ነገ የመብራት፥ የውኃ ወይም የአውቶቡስ ሥራ ለግል ድርጅት ይሰጥ የሚል ሐሳብ በሚቀርብበት ጊዜ፥ የንግዱ ማኅበረሰብ ከመደገፉም ከመቃወሙም በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ያቅርብ። ደንበኛው ያልተስማማውን ትቶ ወደ ሌላ መሄድ ይችላልን? ትርፍ የማይገኝበትን ወረዳ ወጪ የሚሸከመው ማን እንደ ሆነ በውሉ ተጽፎአልን? ተቆጣጣሪው ከባለቤቱ የተለየ ነውን? በተለይ ለመብራትና ለውኃ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት መስመር መዘርጋት ከንቱ ወጪ ስለ ሆነ፥ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አብዛኛውን ጊዜ «አይችልም» ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የሁለቱ ቀሪ ጥያቄዎች ክብደት እጥፍ ይሆናል፤ መልሳቸውም ሥራው ከመሰጠቱ በፊት እንጂ ከተሰጠ በኋላ ሊፈለግ አይገባም።