ለድሮ የስፖርት መኪና ኤሲ መግጠም
ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተመረተችው ኤምጂቢ የስፖርት መኪና ኤሲ ተገጥሞላት ከፋብሪካ አትወጣም ነበር። ዛሬ ለመግጠም የሚፈልግ ሰው አራት ዋና ዋና ክፍሎች ያስፈልጉታል።

• ኮምፕሬሰር፦ በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ የማቀዝቀዣውን ጋዝ ያምቃል።
• ኮንደንሰር፦ ከራዲያተሩ ፊት ሆኖ ሙቀቱን ወደ ውጭ ያስወጣል።
• የማስፋፊያ ቫልቭ፦ ግፊቱን ይቀንሳል።
• ኢቫፖሬተር፦ ከዳሽቦርዱ ሥር ሆኖ የውስጡን አየር ያቀዘቅዛል።

ዋናው ፈተና የአቅም ማነስ ነው። 1.8 ሊትር የሆነው ሞተሯ ከ100 ፈረስ ጉልበት በታች ስላለው የኮምፕሬሰሩ ሸክም ይከብደዋል። የቀደሙት ሞዴሎች ዲናሞ የሚያመነጨው 22 አምፔር ብቻ በመሆኑ በአልተርኔተር መተካት አለበት። ኮንደንሰሩ ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን አየር ስለሚያሞቅም ተጨማሪ ማራገቢያ ያስፈልጋል። የመኪናዋን ታሪካዊ ይዞታ ለመጠበቅ፣ አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት ይልቅ በነባሮቹ መጠቀም ይመረጣል።