ወረርሽኙ ያዘገየው የጡት ካንሰር ምርመራ

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2020 በአሜሪካ የጤና መድን ለሌላቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሴቶች በመንግሥት ወጪ የሚሰጠው የጡት ካንሰር ልየታ ምርመራ፣ ቀደም ባሉት አምስት ዓመታት በዚያው ወር ከተመዘገበው አማካይ በ87 በመቶ አሽቆለቆለ። አኃዙን ይፋ ያደረገው የአገሪቱ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ነው።

በዚያ ወር በሽታው ግን በ87 በመቶ አልቀነሰም። ዕጢው በነበረበት ነበር፤ የጠፋው የሚያየው ዓይን ነው። በ2020 በበርካታ አገሮች አዲስ የተመዘገቡ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ቁጥር ዝቅ ብሎ መታየቱን እንደ መልካም ዜና መውሰድ የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2020 በ155 አገሮች ያካሄደው ዳሰሳ ችግሩ የአንድ አገር ብቻ እንዳልነበረ አሳይቷል። ከአገሮቹ 42 በመቶ ያህሉ የካንሰር ሕክምናቸው በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ መስተጓጎሉን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ እንደ ጡትና ማኅፀን በር ካንሰር ያሉ የልየታ ምርመራዎችን ማራዘማቸውን ተናግረዋል። የሚያሳዝነው፣ የጡት ካንሰር ከሳንባ ካንሰር በልጦ በዓለም በብዛት የሚታወቅ ካንሰር የሆነው በዚሁ ዓመት ነው። በ2020 ብቻ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች በበሽታው መያዛቸው ታውቋል፤ 685 ሺሕ ያህሉ ደግሞ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

የጡት ካንሰር የሚታወቅበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ምንም ምልክት ያላየች ሴት በተወሰነ ጊዜ እየተጠራች በማሞግራም የምትመረመርበት የልየታ ምርመራ ነው። ሁለተኛው ሴቲቱ ራሷ በጡቷ ወይም በብብቷ እብጠት አግኝታ፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም አይታ ወደ ሐኪም የምትሄድበት ነው። ወረርሽኙ ሁለቱንም መንገዶች የዘጋቸው በተለያየ አኳኋን ነበር።

የመጀመሪያው መንገድ መዘጋት በግልጽ ከታየባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። በዚያ ከ50 እስከ 71 ዓመት ያልሞላቸው ሴቶች በየሦስት ዓመቱ በደብዳቤ ይጠራሉ። ብዙዎቹ የሚመረመሩት በገበያ ማዕከላት መኪና ማቆሚያ ላይ በሚቆሙ ተንቀሳቃሽ ክሊኒኮች ውስጥ ነው። በመጋቢት 2020 ጥሪው ቆመ። ብሬስት ካንሰር ናው የተሰኘው የበጎ አድራጎት ድርጅት በመላው ብሪታኒያ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶች ተራቸው እንዳለፋቸው ገምቷል። አገልግሎቱ ሲመለስም እንደ ቀድሞው አልሆነም። በጠባቡ መኪና ውስጥ ርቀት መጠበቅና ከእያንዳንዷ ሴት በኋላ መሣሪያውን ማጽዳት ስላስፈለገ በቀን የሚስተናገዱት ሴቶች ቁጥር አነሰ።

በዚህ ላይ ትንሽ የሚመስል ለውጥ ተጨመረ። ቀደም ሲል ደብዳቤው የቀጠሮውን ቀንና ሰዓት ይዞ ይመጣ ነበር፤ ከወረርሽኙ በኋላ ግን በብዙ አካባቢዎች ሴቲቱ ራሷ ደውላ ቀጠሮ እንድትይዝ ተደረገ። ባዶ ቀጠሮ እንዳይባክን የታሰበ አሠራር ነው፤ ለጽሕፈት ቤቱም ይመቻል። ነገር ግን ቋንቋው ለሚከብዳት ስደተኛ፣ በፈረቃ ለምትሠራ እናት ወይም ምርመራውን ለምትፈራ ሴት ያ የስልክ ጥሪ ራሱን የቻለ አጥር ነው። ለነገ የተባለ ጥሪ ደግሞ በቀላሉ ይረሳል። በእንግሊዝ ማሞግራም የሚያነሱት ባለሙያዎች ሴቶች ብቻ መሆናቸውን ያላወቁ፣ በወንድ ፊት ላለመገለጥ ሲሉ የሚቀሩ ሙስሊም ሴቶችም አሉ፤ ይህን የሚነግራቸው ሰው ቢኖር ምናልባት ስልኩን ያነሱት ነበር።

በኔዘርላንድስም ምርመራው በመጋቢት አጋማሽ 2020 ቆሞ በበጋው ተመልሷል። ሆኖም የባለሙያ እጥረት በነበረበት ላይ የተጠራቀመው ወረፋ ሲጨመር፣ በየሁለት ዓመቱ ይደረግ የነበረው ጥሪ ለጊዜው እስከ ሦስት ዓመት እንዲዘገይ ግድ ሆኗል። የጥቂት ወራት መቋረጥ ዳፋው ለዓመታት ይዘልቃል።

ያም ሆኖ ከልየታ ምርመራው መቋረጥ ይልቅ የከፋው ሁለተኛው ነው። እብጠት አግኝታ ሳለ ወደ ሐኪም ያልሄደች ሴት ጉዳይ! በሚያዝያ 2020 በእንግሊዝ በካንሰር ጥርጣሬ በአስቸኳይ ወደ ልዩ ሐኪም የተላኩ ሰዎች ቁጥር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር በ60 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። ምክንያቱ ለመረዳት አያዳግትም። የጡት ካንሰር እብጠት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ትኩሳትና ሳል ሰውን በሚያስደነግጥበት፣ ‹‹ከቤት አትውጡ›› በሚባልበት ወቅት የማያም እብጠት ‹‹ይቆይ›› ይባላል። ሐኪሞችም ታካሚዎቻቸውን በስልክ ማነጋገር ጀመሩ፤ እብጠት ግን በእጅ ካልተዳሰሰ በስልክ አይታወቅም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሕክምና ከሦስት ወር በላይ ሲዘገይ የመዳን ዕድል እንደሚቀንስ ከወረርሽኙ ብዙ ቀደም ብሎ የታወቀ ነው።

የለንደን የሃይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች የመሩትና በሐምሌ 2020 በላንሴት ኦንኮሎጂ መጽሔት የወጣ ጥናት ይህን መዘግየት ወደ ሰው ሕይወት መንዝሮታል። መስተጓጎሉ ለአንድ ዓመት ቢቆይ፣ በሽታው ከታወቀ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት በእንግሊዝ በጡት ካንሰር የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር ከ7.9 እስከ 9.6 በመቶ፣ ማለትም ከ281 እስከ 344 በሚደርሱ ሰዎች እንደሚጨምር ተንብየዋል። ትንበያ እንጂ ቆጠራ አይደለም፤ ቢሆንም እነዚህ ሰዎች በኮቪድ-19 ሟቾች ዝርዝር ውስጥ ስማቸው የማይገኝ የወረርሽኙ ሰለባዎች ናቸው።

በኢትዮጵያ ሁኔታው ሌላ መልክ ነበረው። የጡት ካንሰር በአገሪቱ ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ቀዳሚው ቢሆንም፣ ሴቶችን በየጊዜው የሚጠራ አገር አቀፍ የማሞግራም መርሐ ግብር አልነበረም። ስለዚህ ወረርሽኙ የልየታ ምርመራ ሳይሆን መንገድ ነው የዘጋው። ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል የነበረው አዲስ አበባ በሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ ታማሚዎችም ከሩቅ ክልሎች ይመጣሉ። በ2020 የጸደይ ወራት አንዳንድ ክልሎች የሕዝብ ትራንስፖርትን ለጊዜው አገዱ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁም ተሽከርካሪዎች በግማሽ አቅማቸው እንዲጭኑ አደረገ። ቀድሞውንም ብዙዎች ሕመሙ ከተባባሰ በኋላ በሚደርሱበት አገር፣ የትራንስፖርት ዋጋ መናር ብቻውን ቀጠሮ ያስቀራል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያት ደግሞ የምርመራው በር አብዛኛውን ጊዜ የአሠሪው በር ነው። ፈቃዱም፣ መጓጓዣውም፣ ብዙ ጊዜም የሕክምና ወጪው ከአሠሪው ይጠበቃል። በሰዓት እላፊው ወራት ቤተሰቡ ሁሉ እቤት ሲውል ሥራው በዛ፤ የዕረፍት ቀን ጠፋ። በሰኔ 2020 አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው በቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላደሩት ሴቶች ስለ ማሞግራም ማውራት ቅንጦት ይመስል ነበር። ስለ ጡት ለማያውቁት ሰው መናገር የሚያሳፍር ሆኖ ለሚሰማት ሴት፣ የአሠሪዋን ሚስት ወይም በዚያው ከተማ የምትገኝ እህቷን ብቻ ማማከር እንኳን የመጀመሪያ እርምጃ ይሆናታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2021 ይፋ ባደረገው ዓለም አቀፍ የጡት ካንሰር ንቅናቄ ካስቀመጣቸው ግቦች አንዱ፣ አንዲት ሴት ምልክቱን ይዛ ጤና ተቋም ከደረሰችበት ጊዜ አንሥቶ ምርመራዋ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ ነው። ግቡ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ከጤና ተቋሙ ደጃፍ ነው። እስከዚያ ድረስ በቤት ውስጥ ያለፉት ወራት አይቆጠሩም።

ክትባቱ ሲመጣም ያልተጠበቀ ነገር አስከተለ። ከኮቪድ-19 ክትባት በኋላ በተከተቡበት ክንድ በኩል ያለው የብብት ንፍፊት ያብጣል፤ ይህ የሰውነት መከላከያ መሥራቱን የሚያመለክት እንጂ በሽታ አይደለም። በማሞግራም ላይ ሲታይ ግን የተዛመተ ካንሰር ሊመስል ይችላል። በዚህ የተነሣ የአሜሪካ የጡት ምስል ባለሙያዎች ማኅበር በ2021 መጀመሪያ ላይ ሴቶች ምርመራውን ከክትባቱ በፊት እንዲያደርጉ ወይም ከሁለተኛው ዙር በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እንዲቆዩ መክሮ ነበር፤ በ2022 ግን ምክሩን ቀይሮ ምርመራው ለክትባት ሲባል መዘግየት እንደሌለበት አስታወቀ። የተከተበች ሴት ለመርማሪዋ ቀኑንና የተወጋችበትን ክንድ ትነግራለች። ንፍፊቱ በሳምንታት ውስጥ ካልጠፋ፣ ወይም እብጠቱ ጡት ላይ ከሆነ፣ ከክትባቱ ጋር ሳይያያዝ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት።