የሕፃናት የእጅ ስብራትና የወጌሻ እሥር

ሕፃን ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ወይም ጣቱ በተሰበረ ጊዜ፣ ሆስፒታሉ ሩቅ፣ ወጌሻው ግን የአጥር ጎረቤት ሆኖ ሳለ፣ ወላጆቹ ወደ ወጌሻው ቢሮጡ የሚነቀፉበት ምክንያት የለም። ወጌሻውም አብዛኛውን ጊዜ ይሳካለታል፤ የሕፃን አጥንት እንደ እርጥብ ቅርንጫፍ አንድ ወገኑ ሲቀነጠስ ሌላው ጎብጦ የሚቀር፣ የሸፈነውም ወፍራም ልባስ ስብራቱን ደግፎ የሚይዝ ስለ ሆነ፣ የተሰበረ ጣት በሦስትና በአራት ሳምንት መግጠሙ ከባለሙያው ጥበብ ይልቅ የፈጣሪ ቸርነት ነው። ጥቂት ድጋፍ የሚበቃውን ይህን አጥንት በቀርከሃ አጥብቆ ማሠር እንግዲህ ምንም ጥቅም ሳይኖረው ጽኑ ጥፋት ያመጣል።

እሥሩ በመጀመሪያው ቀን ልክ ይመስላል፤ በማግሥቱ እብጠቱ ሲጨምር ግን፣ ጨርቁም ቀርከሃውም አልላላ ስለሚሉ፣ ደም ወደ ጡንቻው መድረስ ይሳነዋል፤ ጡንቻም ደም ካጣ በስድስት ሰዓት ገደማ መሞት ይጀምራል። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጸው፣ እንዲህ የተጎዳ እጅ ጣቶቹ ተኮማትረው ይቀራሉ፤ የባሰበትም ጠቁሮ ይቆረጣል። ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ «አጥንቱ ሊገጥም ነው፣ ቻለው» ማለት ስለዚህ እጅግ ያሳዝነኛል፤ እናቲቱ ጣቶቹን በቀስታ ስትዘረጋለት ሕመሙ ቢብስበት፣ ጣቶቹም ቢቀዘቅዙ፣ ቢገረጡ ወይም ቢደነዝዙ፣ ንጋትን ሳትጠብቅ እሥሩን ትፍታ፣ ወደ ሐኪምም ታድርሰው።

ሐኪሙም ቢሆን በራጅ ብቻ አይፈርድም። አጥንት የሚያድግበት ለጋ ክፍል በራጅ ስለማይታይ፣ ጉዳቱም እድገትን ሊያቋርጥ ስለሚችል፣ የቶሮንቶ ሐኪሞች ሮበርት ሳልተርና ሮበርት ሃሪስ በ1963 እ.ኤ.አ. የዚህን ስፍራ ስብራት በአምስት መደብ ከፍለውታል። ከሁሉ በፊት ግን ልጁ መዳፉን ይጨብጥ፤ ጣቶቹ ሁሉ ወደ አውራ ጣቱ ሥር ሲያዘነብሉ አንዷ፣ ይልቁንም ትንሿ፣ በጎረቤቷ ላይ ብትደረብ፣ አጥንቷ ተጠማዟል ማለት ነው። የጎበጠ አጥንት ልጁ ሲያድግ ሊቃና ይችላል፤ የተጠማዘዘ ግን አይቃናም፤ ሳይገጥም መመለስ አለበት።

ወጌሻን መክሰስ፣ ማሳደድም አይበጅም። በአገራችን ለወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ተሰጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ በእሥር ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር እጅግ መቀነሱን በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የሕክምና ጥናት መስክሯል። አንዲት ቀን ይህን ያህል ካተረፈች፣ ወጌሻውና የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ተቀራርበው፣ የታሠረ ሕፃን ሁሉ በማግሥቱ ጣቱ የሚታይበት ሥርዓት በየወረዳው እንዲጸና እለምናለሁ።