የተጻፈው ማርክ የት ገባ?

ባለፈው ሴሚስተር የቡድን ፕሮጀክታችንን ለአማካሪያችን ስናሳይ ጉድ ሆንን። ፕሮጀክቱ መምህራን የተማሪ ማርክ የሚሞሉበት ገጽ ነበር። መምህሩ በላቦራቶሪው ዝግተኛ መስመር ከፈቱት። ሠንጠረዡ ቶሎ መጣ፤ እሳቸውም የአምስት ተማሪ ማርክ ጻፉ። ከዚያ የጻፉት ሁሉ በአንዴ እልም አለ። «የእውነት ማርክ ቢሆን ኖሮ ማን ይጠየቅ ነበር?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በራሳችን ላፕቶፕ ስንት ጊዜ ሞክረነው አንድም ቀን አልጠፋም ነበርና።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ችግሩ ምን እንደነበረ ላስረዳ።

ገጹን የሠራነው በቪው ነው። በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ አንድ ቴምፕሌት በሁለት መንገድ ገጽ ይሆናል። በአንደኛው መንገድ፣ ጃቫስክሪፕት ብራውዘሩ ውስጥ ሆኖ እያንዳንዱን ክፍል ራሱ ፈጥሮ ይገጣጥማል። በሁለተኛው ደግሞ ሰርቨሩ ቴምፕሌቱን ወደ ኤችቲኤምኤል ጽሑፍ ለውጦ ይልከዋል፤ ስለዚህ ተጠቃሚው ጃቫስክሪፕቱ እስኪወርድ ሳይጠብቅ ገጹን ያያል። ጃቫስክሪፕቱ ሲደርስ ገጹን እንደገና አይሠራም። የመጣውን ከቴምፕሌቱ ጋር እያስተያየ ቁልፎቹና ሳጥኖቹ ላይ ነፍስ ይዘራባቸዋል። ይህ ሃይድሬሽን ይባላል።

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ብራውዘሩ ከሰርቨር የመጣውን ጽሑፍ እንዳለ አይቀበልም፤ በኤችቲኤምኤል ደንብ መሠረት ያርመዋል። የሠንጠረዥ ረድፍ፣ ማለትም «ቲአር»፣ በቀጥታ «ቴብል» ውስጥ ተጽፎ ከመጣ፣ ብራውዘሩ በመሃል «ቲቦዲ» የሚባል ክፍል ከራሱ ይጨምራል። እኛ ደግሞ ቲቦዲ አልጻፍንም። ቪው ረድፍ ሲጠብቅ ቲቦዲ አገኘ። «ይሄ የኔ አይደለም» እንደማለት ጣለውና ረድፎቹን ባዶ አድርጎ ከአዲስ ሠራቸው። የመምህሩ ማርክም አብሮ ተጣለ።

ታዲያ ለምን ላፕቶፓችን ላይ አልታየም? ሰርቨሩም ብራውዘሩም እዚያው ስለነበሩ ጃቫስክሪፕቱ እጃችን ኪቦርዱን ሳይነካ ይደርስ ነበር። ረድፎቹ ተጥለው ሲተኩ ገና ባዶ ስለሆኑ ልዩነቱ አይታይም። በአንደኛው መንገድ ብቻ ብንሠራው ደግሞ ጽሑፍ የሚያርም ስለሌለ ስህተቱ ጭራሽ አይገለጥም።

ይኸው ነገር ሌላም ቦታ ያጋጥማል። «ፒ» ውስጥ «ዲቭ» ከተጻፈ፣ ብራውዘሩ ዲቩ ጋ ሲደርስ አንቀጹን ይዘጋዋል፤ ዲቩም ውጭ ይቀራል።

መፍትሔው ቴምፕሌቱ ላይ ቲቦዲን መጻፍ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ስቬልት 5 እንዲህ ያለውን አጻጻፍ ገና ኮምፓይል ሲያደርግ ስህተት ብሎ ያቆመዋል። የኛም መሣሪያ ቢሆን ዝም አላለም፤ ስንሠራ ኮንሶሉ ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር። ገጹ እስከሠራ ድረስ ማን ያነበዋል ብለን አለፍነው።

አሁን ሁለት ነገር ልማድ አድርገናል። ማስጠንቀቂያ ሳናነብ አናልፍም፤ ገጹንም ብራውዘሩ ውስጥ ባለው መሞከሪያ መስመሩን ሆን ብለን አዝግመን እንፈትነዋለን። እናንተም ፕሮጀክታችሁን ከማቅረባችሁ በፊት ሞክሩት።