ጉዳት፣ ጉዳተኛ፣ ጉዳተኝነት
የቃላት ቅጥያ በምእመናን አጠራር ላይ ያለው ድርሻ

የሰበካ ጉባኤያት መዝገብ ሲያዘጋጁም ሆነ ካህናት በዐውደ ምሕረት ሲያስተምሩ የአካል ጉዳትን የሚመለከቱ ቃላትን ይጠቀማሉ። በአማርኛ የእነዚህ ቃላት ክብደት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመጨረሻቸው በሚጨመረው ቅጥያ ነው።

«ጉዳት» በሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። «-ኛ» ሲጨመርበት «ጉዳተኛ» ይሆንና የደረሰው ነገር የሰውየው መጠሪያ ይሆናል። ቅጥያው በራሱ ነውር የለበትም፤ «ፈረሰኛ» እና «እውነተኛ» የሚሉትም በእርሱ የተሠሩ ናቸው። «-ኣም» ግን ብዛትን ስለሚያመለክት ይከብዳል፤ «ሀብታም» ብሎ የሚያስከብረው ቅጥያ «ለምጻም» ሲል ሰውን በደዌው ይሸፍነዋል።

«ማየት የተሳናቸው እናት» ስንል ግን እናትነታቸው እንደ ተጠበቀ ይቆያል፤ «-ኣቸው» የሚለው ቅጥያም አክብሮትን ይጨምራል። «ዕውሯ» ስንል ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር በግስ የተሠራውን አጠራር ይዟል፤ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ደግሞ የግእዙን። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ቃል ከመደንገግ ባለቤቶቹን መጠየቅ ይቀድማል።

«-ነት» የእኛን ድርሻ ያሳያል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ ጉዳተኝነት የሚፈጠረው ጉዳት ያለበት ሰው ከአመለካከትና ከአካባቢ መሰናክሎች ጋር ሲገናኝ መሆኑን ይገልጻል። በአቃቂ ቃሊቲ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ እግሩን ያጣ ሠራተኛ ጉዳቱ በአካሉ ላይ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን መግቢያ ደረጃ ብቻ ሲሆን ግን ጉዳተኝነቱን እኛ እንጨምርበታለን።

ይህ ሲባል የቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ ይለወጥ ማለታችን አይደለም። የዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት «መፃጉዕ» ተብሎ ይጠራል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት በደዌ የቆየው ሰው ለጌታችን የነገረው ግን ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነበር። ስብከታችንም ይህን ማጉላት ይገባዋል።

እንግዲህ በመዝገባችን አስቀድሞ የምእመኑ ስምና የክርስትና ስም ይጻፍ። «የጉዳት ዓይነት» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎም «ለማስቀደስና በጉባኤ ለመሳተፍ ምን ያስፈልግዎታል?» የሚል ዓምድ ይጨመር። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም ሆነ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ፣ የሰበካው ዕቅድ ከዚያ መልስ ይነሣ።