ጀርባው ክፍት የሆነ ሽቦ አልባ የጆሮ ማዳመጫ አመራረጥ

የኮምፒዩተርና የቴሌቪዥን ጨዋታ የሚወዱ ገዥዎች ማዳመጫውን ራሳቸው ላይ አድርገው ብዙ ሰዓት ይቀመጣሉ። ስለዚህ የሚቀርብላቸው ዕቃ ድምፁ ከማማሩ በላይ ራስን የማያስጨንቅ፣ ጆሮንም የማያግል ሊሆን ይገባዋል። ገዥው ሳይስማማው ቀርቶ ቢመልሰው፣ ለመጓጓዣና ለቀረጥ የወጣው ገንዘብ በመደርደሪያ ላይ ታስሮ ይቀራል።

ጀርባው ክፍት የሚባለው፣ ጆሮን የሚሸፍነው ክፍል በስተውጭ በኩል ወንፊት መሰል ሆኖ አየርና ድምፅ የሚያሳልፈው ነው። የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኩባንያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ኤችዲ 414 የተባለውን ለገበያ ካወጣ ወዲህ ይህ አሠራር እየታወቀ ሄዷል። ጥቅሙ ጆሮን አለማፈኑና ድምፁን ሰፋ አድርጎ ማሰማቱ ነው። ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል፤ ድምፁ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የውጭው ጫጫታም ይገባል። ስለዚህ በጸጥተኛ ክፍል ብቻውን ለሚጫወት ይስማማል እንጂ፣ ብዙ ሰው ተቀራርቦ ለሚጫወትበት ቤት አይሆንም። ይህንን አስቀድሞ ለገዥው መንገር የባለሱቁ ፈንታ ነው።

«ሽቦ አልባ» የሚለው ቃልም ሁለት ዓይነት ዕቃ ይሸፍናል። በብሉቱዝ ብቻ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ድምፁን ስለሚያዘገይ፣ ተኩሱ በዓይን ከታየ በኋላ ይሰማል። በዩኤስቢ የሚሰካ የራሱ ማስተላለፊያ ያለው ግን መዘግየቱ እምብዛም አይታወቅም። ሁለቱም በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ስለሚሠሩ፣ በካርቶኑ ላይ ይህን ቁጥር ማየት ብቻ አይበቃም። ደግሞም ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ የብሉቱዝ ማዳመጫን በቀጥታ አይቀበሉም፤ ለፕሌይስቴሽን የተሠራው ማስተላለፊያም ለኤክስቦክስ ሁልጊዜ አያገለግልም።

ምቾቱን ለማወቅ፣ አስመጪው ብዙ ከማዘዙ በፊት አንድ ናሙና አስመጥቶ፣ መነጽር የሚያደርግ ሰው ጭምር ሁለት ሰዓት ያህል ቢያደርገው ይበጃል። ክብደቱ ከ300 ግራም ባይበልጥ፣ ትራሱ ላብ ከሚያጠራቅም ሰው ሠራሽ ቆዳ ይልቅ ከጨርቅ ወይም ከከፋይ ቢሠራ፣ ሲያረጅም የሚለወጥ ቢሆን ይመረጣል።

ባትሪው ሊቲየም ስለሆነ፣ 38.3 የተባለውን የተባበሩት መንግሥታት የጭነት ፈተና ማለፉን የሚገልጽ ማስረጃ ከሻጩ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጀርባቸው ክፍትም ሽቦ አልባም የሆኑ ማዳመጫዎች በዓለም ገበያ ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ጥቂት አስመጥቶ ገዥውን እያወቁ ማብዛት፣ ብዙ አስመጥቶ ገዥ ከመፈለግ ይሻላል።